የጥንቱ ባራኩዳና ያልተሻገረው ዓይን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽ በጣም ናፍቃሻለች። በስልክ ያነሣሽው ጥያቄ በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነ ልጽፍልሽ ወሰንሁ። ስለ ባራኩዳ፣ ስለዚያ አዳኝ የባሕር ዓሣ፣ «ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ባራኩዳ የዛሬውን ከመሰለ፣ ዝግመተ ለውጥ የታለ?» ነበር ያልሽኝ።

ያ ዓሣ ስፊሬና ቦልሴንሲስ ይባላል፤ ቅሪቱ የተገኘው በሰሜን ጣሊያን፣ በሞንቴ ቦልካ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ቀጭን ረጅም ገላ፣ ሹል አፍ፣ ወደ ፊት የወጣ የታችኛው መንጋጋ፣ በጀርባው ላይ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ክንፎች አሉት። የቀይ ባሕርን ባራኩዳ የሚያውቅ ሰው ሲያየው አይስተውም። ዝርያው ጠፍቷል፤ ወገኖቹ ግን በዚያው መልክ ዛሬም ያድናሉ። የጎንደር ተራሮች ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ እንግዲህ ይህ ዓሣ ከእኛ ተራሮች በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

አሁን ልብ በይ። ከዚያው ከሞንቴ ቦልካ ሄትሮኔክቴስ የሚባል ሌላ ዓሣ ወጥቷል። ጠፍጣፋ ዓሦች ሲያድጉ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ጎን እንደሚሆኑ ተምረሻል። የዚህኛው አንድ ዓይን ግን ወደ አናቱ ተጠግቶ ቀርቷል፤ ወደ ሌላው ጎን አልተሻገረም። ማት ፍሪድማን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ባሳተመ ጊዜ፣ «ግማሽ መንገድ የሄደ ዓይን ምን ይጠቅማል?» ለሚለው የቆየ ክርክር በድንጋይ የተጻፈ ማስረጃ ተገኘ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ዝምድናቸው ነው። የዘረመል ጥናት ባራኩዳን ከጠፍጣፋ ዓሦችና ከሰይፍ ዓሣ ጋር በአንድ ሰፊ ወገን መድቦታል። በአንድ ባሕር ከኖሩት ዘመዳሞች አንደኛው ቅርጹን ጨርሶ ነበር፤ ሌላኛው ገና ይለወጥ ነበር። የባራኩዳው መጽናት የሌላውን መለወጥ አይሽርም፤ ላዳኝነቱ የሚበጀውን ገላ ቀድሞ ስለያዘ የሚያስለቅቀው አልመጣበትም ብዬ አምናለሁ።

አዳኝ ሁሉ ግን እንደ ባራኩዳ አልተሠራም፤ ለዚህ ደግሞ ጣና ቅርብሽ ነው። ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን በሐይቁ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ ያድናሉ። የባራኩዳ ጥርስ በመንጋጋው ጉድጓድ ውስጥ ተተክሏል፤ እነዚህ ግን በመንጋጋቸው አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ያደኑትን የሚያደቅቁት በጉሮሯቸው ጥርስ ነው። ለፋሲካ ስትመጪ ጎርጎራ ወርደን ከአስጋሪዎቹ አንድ እንገዛና ጉሮሮውን ከፍቼ አሳይሻለሁ። እስከዚያው ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ጎንደር