ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ በተለይም ለካርፖቭ

ከሁሉ አስቀድሞ ይህችን ለመጻፍ ያበቃኝ እግዚአብሔር ይመስገን። የደረሰብኝን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። አንድ ኩላሊቴን አስረክቤ ወጥቻለሁ፤ የቀረው ደኅና ነው ብለውኛል። አሁን ቤቴ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከዘራዬን ይዤ እስከ ግቢው በር ደርሼ እመለሳለሁ።

ሐኪሞቼ፣ ነርሶቹ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩን ስትወለውሉ ያደራችሁ የጽዳት ሠራተኞች፣ ከሰዓት ውጭ ለመጣ ጠያቂ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በር የከፈታችሁ ጥበቃዎች፣ እጃችሁ ይባረክ። የዕድራችን አባላትና ጎረቤቶቼ፣ በአሜሪካና በዱባይ ሆናችሁ ገንዘብ የላካችሁ የጥንት ጓደኞቼ፣ ክፉ አይንካችሁ። ለባለቤቴና ለልጆቼ የምለውን እዚሁ ቤት ውስጥ እላቸዋለሁ፤ ያ የአደባባይ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ስሙን እንዳልጠራ አስጠንቅቆኛል። «ስሜን ካነሣህ ሁለተኛ ወንበር ስቤ ፊትህ አልቀመጥም» ብሏል፤ እሱ አደርገዋለሁ ያለውን ያደርጋል። ስለዚህ አራት ኪሎ ያለው የቼዝ ጠረጴዛችን ባወጣለት ስም ካርፖቭ እለዋለሁ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከእሱ ጋር የተጣላነው ስድስት ኪሎ በተማሪነታችን ነው፤ እስከ ዛሬም አልታረቅንም። እኔ የቼዝ ተጫዋቹ የሚኻኢል ታል ወገን ነኝ። በ23 ዓመቱ፣ በፈረንጆች 1960፣ ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን የቦትቪኒክን ዙፋን የነጠቀው የሪጋ ልጅ፣ ፈረሱንም ጳጳሱንም ያለ ስስት የሚሠዋ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ ባላጋራውን ወደ እሳቱ የሚጠራ ተጫዋች ነው። ወዳጄ ደግሞ ሌላውን የዓለም ሻምፒዮን፣ አናቶሊ ካርፖቭን ይላል። ካርፖቭ አይቸኩልም፤ ባላጋራውን ቤት በቤት እየዘጋበት፣ እንዴት እንደ ተያዘ ሳይታወቀው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ወዳጄ ለትምህርት የተላከው ወደ ሌኒንግራድ፣ ካርፖቭ ራሱ ወደ ተማረበት ከተማ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሌላው ካሜራና የእጅ ሰዓት ይዞ ሲገባ እሱ ሻንጣ ሙሉ የሩሲያ ቼዝ መጽሔት ይዞ ገባ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! እኛ አንድ ጨዋታ ስናነሣ እሱ ከሻንጣው ሦስት ያወጣል፤ እየተረጎመም ያነብብልናል፤ ካርፖቭን የሚነቅፍ አንቀጽ ሲደርስ ግን ገጹን እንደሚያልፍ ሁልጊዜ እጠረጥረው ነበር።

ከሚወዳቸው ጨዋታዎች አንዱ በ1974 ኒስ ላይ በተካሄደው ኦሊምፒያድ ካርፖቭ ከጀርመናዊው ኡንዚከር ጋር ያደረገው ነው። በ24ኛው እርምጃ ካርፖቭ ጳጳሱን ኤ7 በሚባለው ቤት ላይ ያስቀምጣል። አይበላም፣ አያስፈራራም፤ የኤን መስመር ዘግቶ ቁጭ ይላል። ከጀርባው ግንቦቹን ረጋ ብሎ ያሰልፋል። ጥቁሩን የያዘው ኡንዚከር መስመሩ እንደሚከፈት ያውቃል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ግን ነጩን የያዘው ካርፖቭ ነው። በወጣትነቴ ይህን ጨዋታ እያየሁ አዛጋ ነበር። ትርጉሙ የገባኝ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው።

የእኛው ካርፖቭ ሆስፒታል ሊጠይቀኝ መጥቶ አላለቀሰም፣ አላጽናናኝም፣ «አይዞህ» እንኳ አላለኝም። ባለቤቴ ማስያዣው የት ይከፈላል ብላ ስትነሣ ተከፍሏል። ደም ያስፈልጋል ሲባል ሰዎቹ በር ላይ ቆመዋል። አንድ መድኃኒት በአካባቢው ጠፋ ሲባል እሱ ቀድሞ ከጎተራ እስከ መገናኛ ያሉትን ፋርማሲዎች ጠይቆ አግኝቶት ነበር። ከኪሱ አንዲት ባለ መስመር ደብተር አትለይም። የጨዋታ እርምጃ እንደሚመዘገብ አድርጎ በግራ በኩል የወጣውን፣ በቀኝ በኩል የገባውን እያሰለፈ ይጽፍባታል፤ አምስት ብር የሰጠም አልተዘለለም። ራሱ ያወጣው ግን የትም አልተጻፈም። ፈልጌ አጣሁት።

ማታ ማታ ደግሞ ይመጣል። ያቺ ከሌኒንግራድ የመጣች የማግኔት ሰሌዳው አለችው፤ የምትታጠፈው። አንዱ የጥቁር ግንብ ስለ ጠፋ በፋንታው ዳዶ ተቀምጧል። ዳዶው ማግኔት ስለሌለው አልጋው በተነቃነቀ ቁጥር ይንሸራተታል፤ «ኤፍ8 ላይ ነበረ»፣ «ኧረ ኢ8 ላይ ነው» እየተባባልን ስንከራከር ነርሷ ሁለት ጊዜ ገሥጻናለች። ለእሷም ምስጋና ይድረሳት፤ በኋላ ራሷ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ ጠይቃ ተማረች።

ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ የወዳጄ ባለቤት እትዬ እርጎ ይልኩልኝ ጀመር። እርጎው በመጣ ቁጥር ባጊዮን እናነሣለን። በ1978 ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ባጊዮ ከተማ፣ ካርፖቭና ኮርችኖይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወቱ፣ በሁለተኛው ጨዋታ መሐል ለካርፖቭ እርጎ ይመጣለታል፤ የኮርችኖይ ወገን «ይህ የምስጢር መልእክት ሊሆን ይችላል» ብሎ ተቃውሞ ጻፈ። እኔም ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥቼ «የዛሬው ምን ይላል?» እለዋለሁ። እሱ ግን ባጊዮ ከተነሣ ስለ እርጎ ማውራት አይወድም። ካርፖቭ፣ አቻው ሳይቆጠር፣ 5 ለ2 ሲመራ ቆይቶ 5 ለ5 እንደ ሆነና 32ኛውን ጨዋታ አሸንፎ ዘውዱን እንዳተረፈ ይነግረኛል፤ እንደማላውቅ። ሲነግረኝ ድምፁ ለወጥ ይል ነበር። ለካ ስለ ቼዝ አልነበረም የሚያወራው።

እትዬ፣ ያን እርጎ በየቀኑ ታክሲ ተጋፍተው ያመጡልኝ እርስዎ እንደ ሆኑ የነገረኝ ልጅዎ ነው። ባለቤትዎማ «ሰው ላከው» ይለኝ ነበር። ምን ልበልዎት፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በሽታዬ የኩላሊት መሆኑ ለጠረጴዛችን ቀልደኞች ትልቅ ሲሳይ ሆኗል። ታል ዕድሜውን ሙሉ በኩላሊት ሲሠቃይ ኖሮ በ1969 አንዱ ወጥቶለታልና «ደጋፊ ማለት እንዲህ ነው» ተባልኩ። ሳቅሁ፤ ስፌቱ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ታል በ1962 ኩራሳዎ ደሴት ላይ ታምሞ ውድድሩን ሲያቋርጥ የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ተጫዋች ቦቢ ፊሸር ሆስፒታል ሄዶ ጠይቆታል። አልጋው አጠገብ ሰሌዳ መሐላቸው አድርገው የተነሡትን ፎቶግራፍ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ያ ለማንም ፊት የማይሰጠው ፊሸር! ይህን ፎቶግራፍ አንዱ ወጣት በስልኩ ሲያሳየኝ የእኛው ካርፖቭ አጠገቤ ነበር። ምንም አላለም።

በማግስቱ ማታ መጥቶ ሰሌዳውን ዘረጋ። ጠጠሮቹን ሲደረድር ዐየሁት፤ የካርፖቭ ጨዋታ አልነበረም። በ1960 ታል ከቦትቪኒክ ጋር ያደረገው ስድስተኛው ጨዋታ ነው፤ ታል ጥቁሩን ይዞ ፈረሱን ኤፍ4 ላይ የወረወረበት፣ ከተመልካቹ ጫጫታ የተነሣ ተጫዋቾቹ ወደ ጀርባ ክፍል የተወሰዱበት። ከአርባ ዓመት በላይ «ቦትቪኒክ ቢረጋጋ ኖሮ ያ ፈረስ ከንቱ ነበር» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ያን ፈረስ በገዛ እጁ አንሥቶ ኤፍ4 ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ «ዛሬ ብቻ ነው» አለኝ።

ይህን ስጽፍ ብዕሬን ማስቀመጥ ግድ ሆነብኝ። ወንድሜ፣ ያቺን ማታ አልረሳትም።

የጠረጴዛችን ወጣቶችንም ማመስገን አለብኝ። እናንተ ቼዝን ከስልክ የተማራችሁ፣ እኛ ሽማግሌዎች የድሮ ጨዋታ ስንቆጥር በትዕግሥት የምታዳምጡን፣ ደም በተጠየቀ ዕለት ግን ማንንም ያልጠበቃችሁ። አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን ቼዝ ሲጫወቱ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነበር፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። የእናንተም አመጣጥ እንደዚያ ነበር አሉ፤ የደም ባንኩ ሠራተኞች «ተራ ያዙ» እያሉ ሲለምኗችሁ ነበር ብለውኛል።

ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ ብዙ ናችሁ። ራሴን ባልቻልኩበት ጊዜ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ አላውቅም፤ ባለቤቴ የምትቆጥርልኝንም ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ሾርባ ያመጣችሁ፣ በስልክ የጸለያችሁ፣ መግባት ከልክለዋችሁ ከበር የተመለሳችሁ፣ እባካችሁ አትቀየሙኝ።

ከተዋጣው የተረፈ ገንዘብ አለ። ለሰጪዎቹ ልመልስ ብል ካርፖቭ «የተሰጠ አይመለስም» አለ። ስለዚህ ለወጣቶቹ የቼዝ ሰዓቶች እንዲገዛበት ተስማምተናል፤ በስልክ ሰዓት መጫወታቸው ሁለታችንንም እኩል የሚያናድደን ብቸኛው ነገር ነው። ሒሳቡን ማየት የሚፈልግ ደብተሩ እሱ ዘንድ ነው። ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ሁሉንም መስመር ሳያስነብብ አይለቅቃችሁም።

እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ዛሬም የታል ወገን የሆነው ወንድማችሁ