ከቶሪኖ ለአባቴ

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ በብርዱ አልባሰብዎትም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «የፊያቱ ጌታ የጃኒ አኜሊ ስም አሁንም ይነሣል?» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ እሑድ ሊንጎቶ ወደሚባለው አሮጌ የፊያት ፋብሪካ ሄጄ ነበር። መኪናው ከምድር ቤት ተጀምሮ ፎቅ በፎቅ እየተገጣጠመ ይወጣና ጣሪያው ላይ በተሠራው የመኪና መሮጫ ፒስታ ይፈተን ነበር፤ ዛሬ ተክል ለብሷል። መታጠፊያው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ወደ ላይ የቀና ነው። እዚያ ቆሜ እርስዎ ጭነት የሞላውን የፊያት ካሚዮንዎን፣ ኤንትሬዎን፣ በከባድ ማርሽ ይዘው የአሰብን መንገድ ሲወርዱ ታዩኝ።

ጃኒ አኜሊ እ.ኤ.አ. በ1966 የፊያትን ሊቀ መንበርነት እስኪይዝ ድረስ ወጣትነቱን በፈረንሳይ ሪቪዬራ የባሕር ዳርቻ በድግስ፣ በቆነጃጅትና በፍጥነት ያሳለፈ ሰው ነው። በ1950 አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀባች ክፍት ፌራሪ አሠራ፤ በ1952 እዚያው ሪቪዬራ ላይ ሌሊት በመኪና ሲበር ከካሚዮን ጋር ተጋጭቶ እግሩ ክፉኛ ተሰባበረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አነከሰ። ካሚዮኑን ይነዳ የነበረው ሰው ግን ስሙ እንኳ በማይነሣበት ታሪክ ውስጥ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ የሹፌር ልጅ ነኝና። በአኜሊ አያት ዘመን የፊያት ካሚዮኖች የወራሪውን ጦር ጭነው አገራችን መግባታቸውንም እርስዎ ነግረውኛልና፣ ቤተሰቡን በጅምላ ላወድስ አልችልም።

ሆኖም አንድ ነገር ልቤን ነካው። በ1969 ፊያት የፌራሪን እኩሌታ ገዛ፤ በ1986 ደግሞ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ቴስታሮሳ የተባለች ብርማ ፌራሪ ለአኜሊ ብቻ ተሠራች። የተጎዳው እግሩ ስለሚያስቸግረው ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሽ እንዲቀይር የሚያስችል መሣሪያ ተገጠመላት። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

ይህን ሳነብ «ጉልበቴ ፍሪሲዮን አልረግጥ አለኝ» ብለው የመኪናዎን ቁልፍ፣ ቆዳው ካለቀው መያዣው ጋር፣ ቡፌው ላይ ያስቀመጡበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርሱ ባለጠጋ ስለ ሆነ መኪናው ለእግሩ ታዘዘችለት፤ ለእርስዎ ግን ፌራሪ አያስፈልግም፣ ተራ አውቶማቲክ ይበቃል።

ለፋሲካ ስመጣ አንዲት አውቶማቲክ እከራያለሁ፤ እስከ ደብረ ዘይት እርስዎ ይነዳሉ፣ እኔ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። እስከዚያው ዓይንዎን ተመርምረው መንጃ ፈቃድዎን ያሳድሱልኝ።

የሚወድዎት ልጅዎ