ትንሹን ጓሮ ውሃ አትንፈጉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሚኒ ጋርደን ስለሚባለው፣ በሳፋ ወይም በተሰበረ ጋን ውስጥ ዛፉም ቤቱም አንሶ ስለሚሠራበት ትንሽ ጓሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ውሃ ትንኝ ያመጣልና ይቅር ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ ጎጃም ተወልጄ ጣና ዳር የምኖር ሰው ነኝ። ውሃ የሌለበት ጓሮ፣ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

የትንኙ ነገር እውነት ነው። ባሕር ዳር ላለ ሰው ስለ ወባ አስረጂ አያሻውም። ግን መላ አለው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ሙቀት ባለበት አገር ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ እኔ በየሦስት ቀኑ ውሃውን እደፋለሁ፣ ጠርዙን በጨርቅ ፈተግ ፈተግ አደርገዋለሁ (አንዳንዷ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው)፣ ከዚያ አዲስ ውሃ እሞላለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ይህን ለማድረግ ግን የውሃው ዕቃ ከአፈሩ ተነስቶ የሚወጣ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሥራዬ ላይ አፈሩን ጎድጎድ አድርጌ ሲሚንቶ ቀባሁበትና ኩሬ ሠራሁ ብዬ ተደሰትኩ። ሲደርቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ውሃው ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ሰረገ፣ ከጮቄ በኩል ዘመድ ያመጣልኝ ጦስኝ ሥሩ በስብሶ ሞተ። ጦስኝ እርጥበት ሲበዛበት አይችልም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ቅርንጫፉን ሳሳጥረው ልክ እንደ ዛፍ ሆኖልኝ ነበር።

አሁን የምጠቀመው የተሰበረ ጀበና ነው። አንገቱ ሲሰበር አትጣሉት። የታችኛውን ግማሽ ጠርዙን በድንጋይ አለስልሱና እስከ አፉ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ውስጡ ጥቁር ስለሆነ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ጥልቅ ይመስላል። ክብነቱ ደግሞ እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ቁጭ ነው። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ሐይቅ አይደል? ዙሪያውን ጦስኝ ስትተክሉበት ደኑ ይመጣል።

ዋናው የምጽፍበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ውሃ ሲሠራ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሳህን መሀል ላይ ያስቀምጥና ጨረስኩ ይላል። እዚህ ከተማ አንድ ካፌ በር ላይ እንዲህ ያለ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። ውሃ መነሻ አለው፣ መሄጃ አለው። ግልገል ዓባይ ሰከላ ግሽ ዓባይ ላይ ትንሽ ምንጭ ሆኖ ተነስቶ፣ ጣና ገብቶ፣ ከዚሁ ከባሕር ዳር ዓባይ ተብሎ ይወጣል። ይህንን እያየን አድገን እንዴት ከየትም ያልመጣ ውሃ እንሠራለን? በሳፋው አንድ ጎን አፈሩን ከፍ አድርጉት። ከዚያ ጠመዝመዝ የሚል ደረቅ ጅረት በደቃቅ ጠጠር አውርዱ፣ ተለቅ የሚለውን ጠጠር መታጠፊያው ላይ፣ አሸዋውን ውሃ በሚተኛበት ላይ አድርጉ። ኩሬው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይሁን። ጠብታ ውሃ ባይኖርበት እንኳ ዓይን ውሃ መንገዱን እንደሄደ ያምናል።

ቀለሙም ሰማያዊ አይደለም። ሰማያዊው የሰማዩ ነው። ዓባይን ክረምት ላይ ያየ ሰው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ያውቃል። እውነተኛ ውሃ ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ዘዴ ይኸውና፤ መስታወት ቆራጭ ጋ ሄዳችሁ ቁራጭ ብርጭቆ ለምኑ፣ ጠርዙን ያለስልስላችሁ፣ የታችኛውን ፊት በዘይት ቀለም ቀቡት። መሀሉን ጥቁር አረንጓዴ፣ ዳሩን ጭቃ ዓይነት። ገልብጣችሁ ስታስቀምጡት ሰማዩ ራሱ ይገባበታል። ጠርዙን በአሸዋና በጠጠር ሸፍኑት። ጣና ዳር ካላችሁ ከደረቀ ደንገል ክር ልጣችሁ የጣት ርዝመት ያላት ታንኳ እሰሩ፣ እሷ ላዩ ላይ ስትቆም ብርጭቆነቱ ይረሳል። ኢፖክሲ የሚባለው፣ ፈሶ እንደ መስታወት የሚደርቀው ሙጫም ይሠራል፤ ግን ውድ ነው፣ በስስ ድርብ ካልፈሰሰ ያስቸግራል፣ ፀሐይ ላይ ሲከርምም ቢጫ ይሆናል።

ፏፏቴ ለሚፈልጉ መጀመሪያ ልኩን አስቡ። ጢስ እሳት ከፍታው 45 ሜትር ገደማ ነው። በእውን 4 ሜትር የሚሆነውን የሣር ቤት በጓሯችሁ በ10 ሳንቲ ሜትር ከሠራችሁት፣ በዚያ ልክ ጢስ እሳት ከአንድ ሜትር በላይ ሊቆም ነው! ስለዚህ እሱን ተዉት። ከሁለት ጥቁር ድንጋይ መሀል የሚወርድ የሰፈር ፏፏቴ ይበቃል። መስኮት የሚጣበቅበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሊኮን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግዙ። ላስቲክ ላይ ጎን ለጎን በመስመር አፍስሱት፣ በስቴኪኒ ከላይ ወደ ታች እንደ ፀጉር አበጥሩት። ሲሊኮን ከደረቀ በኋላ ቀለም አይዝም፤ ነጩን አረፋ ከፈለጋችሁ ገና እርጥብ እያለ ጥቂት የጥጥ ክር ጣል አድርጉበት። መስኮት ክፈቱ፣ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። በማግስቱ ከላስቲኩ ልጣችሁ በሲሊኮኑ ራሱ ድንጋዩ ላይ ለጥፉት። ከላይ ያለው ድንጋይ እንደ ከንፈር ትንሽ ወጣ ያለ ይሁን፣ ውሃው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ እንዳይመስል።

ፓምፕ አድርጉበት የሚሉም አሉ። የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ሞክሬዋለሁ። መብራት ሲጠፋ መቆሙ ብቻ አይደለም ችግሩ። ዛፉን ታሳንሳላችሁ፣ ቤቱን ታሳንሳላችሁ፣ የውሃ ጠብታ ግን አያንስም። በሁለት ጣት ቤት አጠገብ ጠብታው የቤቱን በር ሲያህል ሁሉም ነገር አሻንጉሊት ይሆናል። ለእኔ የቆመ ውሃ ከሚንጠባጠበው ይበልጣል።

አደራ የምላችሁ ደግሞ አለ። ለድንጋዩ ማስዋቢያ የሚሆነውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚፍቁ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት፤ ቶሎ አይተካም። ክረምት ሲወጣ የራሳችሁ አጥር ሥር ይበቅላል፣ ከዚያ ውሰዱ።

ጽሑፉን ደግማችሁ ካወጣችሁት ያቺን የውሃ መስመር አስተካክሉልኝ። የጀበናውን ኩሬ ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ፤ ከጎኑ ያለው አዲስ የተከልኩት ጦስኝ ነው፣ ይኸው ይዟል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር