የሚመቻችሁን ሰዓት ላኩልን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ጎንደር ፒያሳ ስንገናኝ ስለ ክሊኒክ ሥራችን ያነሳነው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ክፍያው አነሰ ያለ ነው፤ አብዛኞቻችን ግን የተማረርነው በሥራ ሰዓቱ ነው። ሕፃን ልጅ ያላት ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ይበቃታል። ቀን መደበኛ ሥራ ያለው ከ11 ሰዓት በኋላ ካልሆነ አይችልም። ከአዘዞ የምትመላለሱት ደግሞ አምሽቶ መውጣት አትወዱም። እኔ አዳር ይሻለኛል፤ ሳቃችሁብኝ እንጂ ጸጥታው ደስ ይላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ማታ ተደውሎ «ነገ ግቢ» መባል ነው። አንዴ ሊጥ አቡክቼ ትቼው ሄጃለሁ።

በግል ክሊኒክ የምትሠሩ ይህን ያዙ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5። ጥምቀት ላይ ተረኛ የምትሆኑ፣ አደራ!

እስከ ሐሙስ የምትችሉትን ቀንና ሰዓት፣ ጭራሽ የማትችሉትንም ጻፉልኝ። የክሊኒኩን ስም ተዉት። ተሰብስቦ ሲያልቅ ለአሠሪዎቻችን አብረን እናቀርበዋለን።