ተፈሪ ገብቼ እንጦጦ ወጣሁ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ይዟታል እንጂ እሷም ደህና ናት። ዘንድሮ ክረምቱ ጠንከር ብሏል። ጣራው ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ ነው የሚያድረው።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ያነሳሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍቼ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳሳይሽ የአያትሽን ሰርተፊኬት አየሽ፤ «ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት» ይላል። የእኔን አየሽ፤ «እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ይላል። ከዚያ ሳቅሽና «አባዬ፣ አንተም አያቴም አንድ ግቢ ነው የተማርነው ስትሉኝ ነው ያደግኩት። ማን ነው የዋሸኝ?» አልሽኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግሞም በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ማንም አልዋሸሽም። ግቢው አንድ ነው፤ እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ። ስም ሲለጠፍበትና ሲነሳለት የኖረ ግቢ ነው።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 አውሮፓን ዞረው አይተው ነበር። በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1917፣ ይህን ትምህርት ቤት በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው ከፈቱት። እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ከግብፅ በመጡ አስተማሪዎች ሥር በምኒልክ ትምህርት ቤት ተምረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በዕድሜ የሚቀድመው ያ ነው። የምኒልክ ልጆች ይህን ካላስታወስኩላቸው ይቀየሙኛል፤ እነሱ አሁንም ድረስ «ታላቃችሁ ነን» ማለት አይተዉም።

በምርቃቱ ቀን አልጋ ወራሹ አንድ ደፋር ንግግር አድርገዋል። አገሬን እወዳለሁ እያሉ በአፍ ብቻ መናገር ጊዜው አልፏል፤ ያለ ትምህርት ነጻነታችንን ልንጠብቅ አንችልም፤ አቅም ያለው ሰው ፍቅሩን ትምህርት ቤት ከፍቶ ያሳይ፤ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነበር። ኪሳችሁን ፍቱ መባል ለብዙው መኳንንት ጆሮ ደስ የሚል አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ዛሬም አይደለም።

የመጀመሪያው ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። የእሳቸው ነገር ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል። በ1860 መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ትንሽ ልጅ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች አግኝተው ይዘዋቸው ወደ ህንድ ሄዱ። እዚያ ቻርልስ ማርቲን የሚባሉ ሐኪም ሆነው አደጉ። ከአድዋ በኋላ አገራቸው ሲገቡ አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው ይባላል። አስቢው፤ ስሙ፣ ቋንቋው፣ ልብሱ ሁሉ ተለውጦ የቀረው ምልክት ጠባሳ ብቻ። የኋላ ኋላ ጣሊያን ሲመጣ ሎንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ ነበር። ሁለት ስም የያዙ ሰው ያንን ግቢ መጀመራቸው ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አራት አምስት ስም ለሚኖረው ቤት የሚመጥን ኃላፊ ነው ያገኘው።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር፤ ተፈሪ መኮንንም ስማቸውን ለውጠዋል። በ1923 ሲነግሡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ግን በልጅነት ስማቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ኃይለ ሥላሴ የሚል ያልተጻፈበት ነገር አልነበረም፤ ሆስፒታሉ፣ መንገዱ፣ ዩኒቨርሲቲው። ይህ ግቢ ብቻ ንጉሥ ከመሆናቸው በፊት የነበሩትን ሰው ስም ይዞ ቆየ። አያትሽ በዚህ ይኮሩ ነበር። «እኛ ከዘውዱ እንቀድማለን» ይሉ ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። ግቢውን ለሁለት ከፈለው። አንዱን «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ» ብሎ ሰየመው። ሌላውን፣ ተቀመጪና ስሚ፣ «ቤኒቶ ሙሶሊኒ» የቴክኒክ ትምህርት ቤት አለው። ሁለቱም ለጣሊያን ልጆች ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ደግሞ የጦር ሆስፒታል ሆነ፤ እሱም በንግሥታቸው በኤሌና ስም። ከጦርነቱ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት የእኛ ልጆች የት ገቡ ብትዪኝ፣ ግማሹ ዱር፣ ግማሹ ስደት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፈረንጅ አፍ የሚያውቅ ወጣት እየተፈለገ ነው የተገደለው። አገሪቱ ለአሥር ዓመት ያስተማረችውን ልጅ በጥቂት ሳምንት አጣች። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ጣሊያን ሲወጣ የሙሶሊኒ ስምም አብሮ ወጣ። ተፈሪ መኮንን ተመለሰ። የአያትሽ ዘመን ከዚህ ይጀምራል።

ከነጻነት አራት ዓመት ገደማ በኋላ ንጉሡ ትምህርት ቤቱን ለካናዳ ኢየሱሳውያን ሰጡ፤ ጄዝዊት የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ናቸው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። እኛ አገር ኢየሱሳውያን የሚለው ስም የሱስንዮስን ዘመን ነው የሚያስታውሰው። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ፣ ፋሲል ነግሦ ያባረራቸው ናቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው በጠመኔ ተመለሱ። ንጉሡ ታዲያ ሁለት ነገር አስረው ነው ያስገቧቸው። ሃይማኖት አይሰበክም፤ የካህን ልብስ አይለበስም። ስለዚህ ሱፍ ለብሰው ከረባት አስረው ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። አያትሽ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ቄሶች መሆናቸውን አላወቁም። «ሚስት የሌላቸው ለምንድን ነው ብለን ነው የጠረጠርነው» ይሉኝ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው የካናዳ ክፍል የመጡ ናቸው። የሚያስተምሩት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ውጤቱን አንቺም ሰምተሽዋል፤ አያትሽ እስኪሞቱ ድረስ «ዚ ቡክ ኢዝ ኦን ዚ ቴብል» ነበር የሚሉት። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ሆኖ ልታርሚያቸው ስትሞክሪ «እኔ ካስተማሩኝ ሰዎች ጋር አልጣላም» ያሉሽ ትዝ ይልሻል? እጅ ጽሑፋቸውም ከዚያው የመጣ ነው። የዕቁብ ሒሳብ እንኳ ሲጽፉ ቁጥሮቹ በማስመሪያ የተሰለፉ ይመስሉ ነበር።

የኢየሱሳውያኑ አለቃ ሉሲየን ማት ይባላሉ። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሳቸው ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ የተለማመዱትን ነው እዚያ የሠሩበት ብል ብዙ አልሳሳትም። አያትሽ ግን ኮሌጅ አልገቡም። አባታቸው ሞቱና ሥራ ያዙ። ሰርተፊኬቱን መስታወት ውስጥ አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። በኋላ፣ ያ ዘመን ሲመጣ፣ «ተፈሪ» የሚል ነገር ግድግዳ ላይ ማየት አያዋጣም ብለው አወረዱት። ብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

አሁን አጎትሽ ጋ ደረስን። እሱ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ በሩ ላይ ያለው ስም ተፈሪ መኮንን ነው። አሥራ አንደኛ ላይ እያለ ንጉሡ ወረዱ። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ስልሳ ሺህ የሚሆን ሰው። አጎትሽ ፊደል አስቆጥሮ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ወባ ይዞት ተመለሰ። ማትሪክ ሲቀመጥ የትምህርት ቤቱ ስም እንጦጦ ሆኗል። «ተፈሪ ገብቼ እንጦጦ ወጣሁ» የሚለው ቀልዱ ይህ ነው። ከክፍሉ ልጆች ስንቶቹ ከቀይ ሽብር እንደተረፉ ግን ጠይቀሽው አታውቂም፤ እንዳትጠይቂውም።

ቀልዱ የበሰለው ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ማስረጃውን ይዞ ሄደ። ጸሐፊዋ የዘጠነኛ ክፍሉን አየች፣ የአሥራ ሁለተኛውን አየች።

«ትምህርት ቤት ቀይረሃል፤ መሸኛው የታለ?» አለችው።

«እኔ አልቀየርኩም፣ እሱ ነው የተቀየረው» አላት።

አልሳቀችም። ሦስት ሳምንት አመላለሰችው። በመጨረሻ አንድ ሁለቱን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኝቶ ፈረመለት።

ደርግ የለወጠው ይህን አንድ ስም ብቻ አይደለም። እቴጌ መነን የካቲት 12 ሆነ። ልዑል መኮንን አዲስ ከተማ ሆነ። የእንግሊዙ ጄኔራል ዊንጌት ግን ማንም ሳይነካቸው ስማቸውን ይዘው ቀሩ። ይህን እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ የካቲት 12 የሚለው ስም ክፉ አይደለም፤ ከባድና የሚገባ ስም ነው። የማልወደው ፍቆ መጻፉን ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ሠርቶ አዲስ ስም መስጠት እያለ የተሠራ ግንብ ላይ ቀለም መቀባት የሰነፍ ሥራ ይመስለኛል።

እኔ እዚያ የደረስኩት በ1973 ነው። በዚያን ጊዜ ግቢው ውስጥ «ተፈሪ» ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ቢያንስ ጮክ ብሎ። እኛ ብዙ ነበርን፣ ወንበሩ ትንሽ ነበር። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ድሮ የወንዶች የነበረው ግቢ ሴቶችም ገብተውበታል፤ ይህን አያትሽ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው ቀኑ።

«አጠቃላይ» የተባለው ከቀለም ትምህርቱ ጋር ሙያም ስለሚሰጥ ነው። እኔ እንጨት ሥራ ገባሁ። ቀለሜዎቹ ይስቁብን ነበር። የመጀመሪያው ሥራችን በርጩማ ነበር። ጽድ ሰጡን። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። መላጊያው ደንዞ ስለነበር እንጨቱን ከመላግ ይልቅ ያኝከው ነበር። አራቱን እግር በመሮ በሠራሁት ቀዳዳ አስገባሁና ኮላ ቀባሁ። ሳቆመው ወለም አለ። አንዱ እግር አጥሯል። ሦስቱን ላስተካክል ብዬ ትንሽ ቆረጥኩ፤ አሁን ደግሞ ሌላው አጠረ። እየቆረጥኩ እየቆረጥኩ በርጩማው የሕፃን መቀመጫ ሊሆን ሲል መምህሩ መጋዙን ከእጄ ወሰዱና «ተው፣ ይበቃዋል፤ ወለሉ ራሱ መች ልክ ነው» አሉኝ። ከሃምሳ ሰላሳ አንድ ሰጡኝ።

ያ በርጩማ አሁንም ኩሽና ውስጥ አለ። አያትሽ፣ ሴቷን ማለቴ ነው፣ ቡና ሲያፈሉ የሚቀመጡበት ነበር። አንቺም መራመድ የጀመርሽው እሱን ይዘሽ ነው። ስለሚወዛወዝ ቶሎ ቶሎ ትወድቂ ነበር፤ እናትሽ እስከ ዛሬ ያንን ለመምህሬ ነው የምታሳብበው።

ባለፈው ሳምንት በበሩ አለፍኩ። ዛሬ የእንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሚባለው እዚያ ነው። ልጆቹ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ሻይ ይጠጡ ነበር። አንዱን «እዚህ ተፈሪ መኮንን የሚባል ትምህርት ቤት ታውቃለህ?» አልኩት። «አባቴ፣ እሱ እኮ ይኸው ነው» አለኝ፤ ጣቱን ወደ ግንቡ ቀስሮ። አጠገቡ ያለችው ልጅ «አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው» አለችው። ሲከራከሩ ትቻቸው መጣሁ።

ሁለቱንም ሰርተፊኬት ስካን አስደርጌ በኢሜይል እልክልሻለሁ። የአጎትሽን ደግሞ ከነመሸኛ ታሪኩ ራሱ ይላክልሽ። በርጩማውን ግን ሰው ሲመጣ አስይዝልኝ ያልሽውን እርሺው። እናትሽን ጠይቄአት ነበር፤ ሽንኩርት እየላጠች እሱው ላይ ተቀምጣ ነው «አይሆንም» ያለችኝ።

አባትሽ