ሐይቃችን መውጫ የለውም፤ ለስድስት ወንፊት እጃችሁን ዘርጉልን

የሀዋሳ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል አንድ ዓሣ አስጋሪ መረቡን ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስድስት ቆሮሶ አወጣ። ከዚያ ፌስታል። ከዚያ ሌላ ፌስታል፣ ጭቃ የሞላበት፣ ከመረቡ ጋር ተጠላልፎ አልላቀቅ ያለ። ክሩን በጥርሱ ነው የፈታው። "ጋሼ፣ ሁሌ እንዲህ ነው?" አልኩት። "ድሮ መረባችንን የሚቀደው ጉማሬ ነበር፤ አሁን ቆሻሻው ባሰ" አለኝና ፌስታሉን ጀልባው ውስጥ አስቀመጠው። ወደ ውሃው አልመለሰውም። ያቺ ነገር ልቤን ነካችው።

ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዝናብ ሲጥል ከየመንገዱ፣ ከየሱቁ ደጃፍ፣ ከየጫት መሸጫው ሥር ያለው ሁሉ ተጠራርጎ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ቦዩ ደግሞ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ነው የሚወስደው። ሃይላንዱ፣ ገረባው፣ ዳይፐሩ፣ የባጃጅ ዘይቱ ሳይቀር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይሄ ነው፦ የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጣና ዓባይን ይሰዳል፤ ዝዋይም በቡልቡላ በኩል ወደ አብጃታ ይፈሳል። የእኛው ውሃ በፀሐይ ይተናል፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ፌስታል እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ ፀሐይና ማዕበል እየሰባበሩት ይደቅቃል፣ ዓሣው ምግብ መስሎት ይውጠዋል። ዓሣውን በዳጣ የምንበላው ደግሞ እኛው ነን። ጥሬውንም ጭምር።

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ዳርቻውን እየለቀምን ነው። መጀመሪያ 14 ሰዎች ነበርን፣ አሁን 60 እንደርሳለን። ባጃጅ ነጂዎች ማዳበሪያውን በነፃ ይጭኑልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሃይላንዱን ለይተን ለቁራሌው እንሸጣለን፣ በዚያች ብር ጓንት እንገዛለን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልቀም ብቻውን አልበቃም። ሚያዝያ ላይ ቅዳሜ ያጸዳነው ቦታ እሁድ ሌሊት ዝናብ ጣለበት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አብረውን የለቀሙት ተማሪዎች አዩት። አንዳቸውም ምንም አልተናገሩም። እኔም የምላቸው ጠፋኝ።

ስለዚህ ቆሻሻውን ሐይቁ ሳይደርስ ቦዩ አፍ ላይ ለመያዝ ወሰንን። የሚመለከተውን ክፍል አነጋግረን ፈቃድ ከተሰጠን በኋላ ለሙከራ አንድ የፌሮ ወንፊት አሠራን። በመጀመሪያው ዝናብ ብቻ 11 ማዳበሪያ ቆሻሻ ያዘ! እዚያ ቆሜ ስቆጥር ደስታም ንዴትም ነው የተሰማኝ። በዚያች አንዲት ሌሊት ያ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ነበር።

ወንፊት አድርጎ ዝም ማለት እንደማይቻል እናውቃለን። ከዝናብ በኋላ ቶሎ ካልተራገፈ ውሃው ወደ ኋላ መልሶ ሰው ቤት ይገባል። ለዚህ ነው ወደ ላይ እንዲነሳ አድርገን ያሠራነው፣ በየቦዩ ዳር ያሉ ወጣቶችም ተራ ወጥቶላቸዋል። ሌሊት ቢዘንብ ተረኛው በማለዳ ይወጣል። አንዳንዶቹ ጋምቡት ጫማ እንኳን የላቸውም።

ስድስት የቦይ አፎች ይቀሩናል። የሰፈራችን በያጅ ከእጅ ሥራው ግማሹን ትቶልናል። አንዱ ወንፊት 18,000 ብር ይፈጃል፣ ስድስቱ 108,000 ብር ማለት ነው። ለጋምቡት፣ ለጓንት፣ ለአካፋና ለሁለት የእጅ ጋሪ 42,000 ብር ይጨመርበት። በድምሩ 150,000 ብር። እስካሁን 61,000 ደርሰናል። 89,000 ብር ይጎድለናል፣ ክረምቱም እየገባ ነው።

ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎናል። ግን ቦዩ ውስጥ ተከማችቶ ያለው ፌስታል አዋጅ አያነብም፤ ዝናቡን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

50 ብርም ብትሆን ትጠቅማለች። ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፣ በዋርካው ጥላ ሥር ያደጋችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ወንፊት ብትችሉልን ሸክማችን በጣም ይቀላል። ብር የሌለው ፌሮ ካለው ፌሮ፣ አካፋ ካለው አካፋ ያምጣ። ገንዘቡ የሚገባው በእድራችን ሂሳብ ነው፣ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፣ የእያንዳንዱን ግዢ ደረሰኝ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። የሂሳብ ቁጥሩን ለማግኘት ኢንቦክስ አድርጉልን፣ ወይም የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁ።

የሚቀጥለው ጽዳት በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12:30 ነው። አሞራ ገደል በሩ ላይ እንገናኝ። ረጅም ቦቲ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ቁርስ እኛ ጋ አለ።