ቅዳሜ ስለ ልጆቻችን እንነጋገር

ሰላም ወላጆች። ቅዳሜ የምንገናኘው ስለ ኮንቨርዥን ቴራፒ ለመነጋገር ነው፤ የልጅን የፆታ ዝንባሌ ወይም ማንነት በምክርም በጸበልም "ለማስተካከል" ስለሚደረገው ማለቴ ነው። ሰዓቱ በፈረንጅ ከቀኑ 3፣ ቦታው ዳንፎርዝ የተለመደው አዳራሽ።

ነገሩን ያነሳሁት አንዲት እናት በውስጥ መስመር "ልጄን አገር ቤት ወስጄ ጸበል ባስጠምቀው ይለወጥ ይሆን? ትኬቱን ላስቆርጥ ነው" ስላለችኝ ነው። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ካናዳ ውስጥ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ወንጀል ነው፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለዚህ ብሎ ከአገር ማስወጣት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፣ ማስተዋወቁ እንኳ እስከ 2 ዓመት። እኔን ግን ከሕጉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ልጁ ነው። ዝንባሌው አይለወጥም። የሚተርፈው ድብርትና ራስን መጥላት፣ አንዳንዴም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው።

አንድ ነገር እንወስን፦ የንስሐ አባቶችን አሁኑኑ እንጋብዝ ወይስ መጀመሪያ እኛው ብቻ? እኔ እኛው ብቻ ባይ ነኝ፣ ካልሆነ ማንም አፉን አይከፍትም።

የሰው ስም ማንሳት የለም፣ መቅረጽም የለም። ቡናው በእኔ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ የምትችሉ ያዙ። እስከ ሐሙስ ማታ "እመጣለሁ" ወይም "አልመጣም" በሉኝ፤ እዚህ መጻፍ የከበዳችሁ በውስጥ መስመር።